ከኦክላሆማ የመጣችው ባለ መዘውር ራዲዮ አባይ ማዶ ስትፈተን

እህቴ የምትኖረው ኦክላሆማ ነው። እዚያ በፈረንጆቹ ከኤፕሪል እስከ ጁን ቶርኔዶ፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሚመጣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ የሚበረታበት ወቅት ነው። እሷ ካለችበት ብዙም በማይርቀው ሙር በሚባል ከተማ በፈረንጆቹ 2013 የደረሰው ቶርኔዶ 24 ሰው ገድሏል። ስለዚህ ቤቷ መጠለያ አለው፣ ለልጆቿ ሄልሜት አዘጋጅታለች፣ እጀታውን እየዘወሩ የሚሞሉት ራዲዮም አላት። ለጥምቀት ስትመጣ አንዱን ለእኔ ይዛ መጣች። «እንካ ወንድም ዓለም፣ የእናንተም ክረምት አያስተማምንም» ብላ ሰጠችኝ። አሁን እዚህ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ፣ አንድ ሙሉ ክረምት ተጠቅሜበታለሁ። የጠየቀኝ ሰው ስለበዛ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ ያሳዘነኝን ልናገር። ራዲዮው ለአየር ሁኔታ ብቻ የተመደቡ ሰባት ጣቢያዎች አሉት። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት 162 ሜጋኸርዝ አካባቢ ቀን ከሌት የሚያሰራጭባቸው ናቸው፤ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ራዲዮው ጮኾ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። እህቴ እንዳስረዳችኝ ማስጠንቀቂያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አየሩ ለቶርኔዶ የተመቸ ስለሆነ ተዘጋጁ ይላል። ሁለተኛው ቶርኔዶው በዓይን ወይም በራዳር ታይቷል፣ አሁኑኑ መስኮት ወደሌለው ክፍል ግቡ ነው የሚለው። ባሕር ዳር ላይ ግን ሰባቱም ጣቢያዎች ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም የላቸውም። ቀንም ማታም ሞክሬያለሁ። ለዚህ ብላችሁ ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ገንዘባችሁን አታውጡ።

ኤፍ ኤሙ ግን ጥርት ይላል። ዜናውንም የአየር ትንበያውንም እሰማበታለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ኔትዎርክም አብሮ ስለሚደክም ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

የሰኔዋን ሌሊት ልንገራችሁ። ከጣና በኩል መጀመሪያ ነፋሱ መጣ፣ ከዚያ ወጨፎ፣ ከዚያ በረዶ። በቆርቆሮው ጩኸት መደማመጥ አልተቻለም። መብራት ድርግም አለ። የጎረቤታችን አንድ ቆርቆሮ ከነምስማሩ ተነቅሎ ግቢያችን ውስጥ ወደቀ፣ ልጆቹ ቀን ቀን ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ። እናቴ ጓዳ ናት፣ ልጆቹ ሌላ ክፍል፣ ሁሉም በጨለማ ይጣራል። ራዲዮውን ከበር ጀርባ ከተሰቀለበት አውርጄ መብራቱን አበራሁ፤ ሁሉም ብርሃኑን ተከትለው መጡና መሀል ባለችው መስኮት በሌላት ክፍል ተሰበሰብን። ትንሿ ልጄ በጣም እያለቀሰች ነበር። መዘውሩን አስያዝኳት። እጇ ሥራ ሲያገኝ ለቅሶዋን ተወች፣ እናቴ «በስመ አብ» እያለች ስታማትብ እሷ ትዘውራለች፣ እንዲህ ሆነን ዝናቡ አባራ።

ስለ መዘውሩ በትክክል ልንገራችሁ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ሲዘወር መብራቱ ሩብ ሰዓት ያህል፣ ራዲዮው ደግሞ አምስት ስድስት ደቂቃ ይሠራልኛል። በእሱ ስልክ ቻርጅ አደርጋለሁ ማለት ግን ዘበት ነው፤ አሥር ደቂቃ ዘውሬ ሁለት ፐርሰንት እንኳ አልሞላም። በላዩ ያለችው ሶላር በጋ ላይ ጥሩ ናት፣ ሐምሌና ነሐሴ ግን በደመናው የተነሳ እምብዛም አትረዳም። የሚያዋጣው ከሶኬት ሞልቶ ማስቀመጥ ነው። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ባትሪው በራሱ ይወርዳል፣ ስለዚህ እኔ ወር በገባ ቁጥር በልደታ ቀን እሞላዋለሁ። ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ እሱንም ቴሌቪዥኑንም ቀድሞ መንቀል ነው። ሌላው ጉድለቱ፣ የቻርጅ ቀዳዳውን የምትሸፍነው ጎማ በሦስት ወሯ ተቀደደች። አሁን ውኃ እንዳይገባበት በፌስታል አድርጌ ነው የምሰቅለው።

እዚህ እኛ ዘንድ ከነፋሱ ይልቅ የሚያሳስበኝ መብረቅ ነው። ለእሱ የሚጮኽ ጣቢያ አያስፈልግም። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ፤ ድምፁ በሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 30 ሳይሞላ ካጓራ ሐይቅ ዳር ያለ ልጅ ቤት ይግባ፣ ታንኳ ላይ ያለም ወደ ዳር ወጥቶ ይጠለል፣ ዛፍ ሥር ግን መቆም የለም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ነው። ልጆቼ አሁን ያለ እኔ ይቆጥራሉ። ውጭ እየተጫወቱ ሳለ ካጓራ የራዲዮውን ሳይረን እነካለሁ፤ ከመንገድ ማዶ ስለሚሰማ የጎረቤት ልጆችም አብረው መግባት ለምደዋል።

ይገዛል ወይ ላላችሁኝ፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ኤፍ ኤም፣ መዘውር፣ መብራትና ሳይረን ያለውን ብቻ አስመጡ። ዘመድ ከሌላችሁ እዚሁ ገበያ አንድ የሶላር መብራትና አንድ ትንሽ ራዲዮ ለየብቻ መግዛት ይበቃል። በሚተርፋችሁ ብር ጣሪያችሁን አስመቱ። እኔ ከዚያች ሌሊት በኋላ አናጺ ጠርቼ የጣሪያዬን ዳር ዳር በደንብ አስጠብቄያለሁ። እህቴ ለፋሲካ ትመጣለች። ቆርቆሮው ለተነቀለበት ጎረቤታችን አንድ እንድታመጣለት ነግሬያታለሁ፣ ያችን የሰባት ጣቢያዋን ግን ተያት ብያታለሁ።