ከአንኮበር ያልተነሣች መዲና ልብስ፦ የአንድ የደብረ ብርሃን ሸማ ቤት ሥራ

በደብረ ብርሃን ገበያ ዳር፣ በበሩ ላይ ምንም ጽሑፍ የሌለበት፣ ሁለት የሽመና ጉድጓዶችና አንድ የስፌት መኪና የያዘ አንድ ክፍል ቤት አለ። ባለፈው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ የትምህርት ቤታችን የቲያትር ክበብ ላዘጋጀው ተውኔት 14 አልባሳትን ያሠራነው በዚህ ቤት ነው። ስለ ሥራው መጻፍ የፈለግሁት በአብዛኛው እጅግ የታሰበበት ስለ ነበረ፣ በአንድ ቦታ ደግሞ በቀላሉ የማይታለፍ ስሕተት ስለ ተገኘበት ነው።

ያዘዝነው ልብስ በማንም አያት ሣጥን ውስጥ የሚገኝ አልነበረም። ተውኔቱ የሚያሳየው ቤተ መንግሥቱ ከአንኮበር ሳይነሣ የቀረበትን፣ አዲስ አበባ ከነጭራሹ ያልተቆረቆረችበትን የ1950ዎቹን ሸዋ ነው። በእውነተኛው ታሪክ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫቸውን አንኮበርና አንጎለላ አድርገው ሸዋን ገዝተዋል፤ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ የተወለዱት የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ግን ከአንኮበር ወደ ልቼ፣ ከዚያም ወደ እንጦጦ ከተሻገሩ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃ አጠገብ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ተማሪዎቼ የጠየቁት ይህ ጉዞ ባይኖር ኖሮ ሰዉ ምን ይለብስ፣ በማን ፊት ይነሣ፣ እንዴትስ እጅ ይነሣ እንደ ነበረ ነው።

ቀደም ሲል የጠየቅናቸው ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ወዲያው «የንጉሥ ካባ አለን» እያሉ ወርቃማ ጥልፍ ያለበትን ጥቁር ካባ ያወጡልን ነበር። የዚህ ቤት ባለቤት የሆኑት አዛውንት ሸማኔ ግን ጽሑፉን አስነብበው ከሰሙ በኋላ፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ የትኛው ሰው በማን ፊት እንደሚቆም ንገሪኝ፤ ልብሱን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ። ሥራውን ለእርሳቸው ለመስጠት የወሰንኩት በዚህ ንግግር ነው፤ እኔ እስከዚያ ድረስ ስለ ቀለምና ስለ መጠን ብቻ ነበር የማስበው።

ከእርሳቸው ጋር ተነጋግረን የደረስንበት መነሻ የአገሩን አቀማመጥ የተከተለ ነበር። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ከአዋሽ ሜዳ ተነሥቶ የአንኮበርን ገደል ሊወጣ አይችልም፤ ስለዚህ በዚያ በታሰበው ሸዋ የውጭ ሸቀጥ ከአንኮበር ሥር እስካለችው ገበያ እስከ አልዩ አምባ መጥቶ፣ ዳገቱን በበቅሎ ጀርባ ይወጣል። አቡጀዲና የፈረንጅ ኮት ከሩቅ መጥተው ውድ ሆነው ይቀራሉ። በአንጻሩ መንዝ ቅርብ ነው፤ የመንዝ በግ ጠጉርም ከቤተ መንግሥቱ ደጃፍ አይጠፋም። ከቆላው የሚወጣው ጉም ከሰዓት በኋላ አንኮበርን ሲሸፍናት ያየ ሰው፣ በዚያች መዲና የክብር ልብስ የሚሆነው ቀጭን ሐር ሳይሆን በርኖስ፣ ከበግ ጠጉር የሚሸመነው ካባ፣ መሆኑን ለማመን አይቸገርም።

በርኖሱም የሥራቸው ሁሉ አክሊል ነው። ሳይነከር በተፈጥሮ ጥቁርነቱ የቀረ የበግ ጠጉር ተፈትሎ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሸምኗል፤ በአንድ ትከሻው ላይ የምትወጣው የቆየች ሹል ቅርጽም አልተተወችም። ለከፍተኛው ሹም በተሠራው በርኖስ ጠርዝ ላይ ቀይ ጥለት አስገብተውበታል። ቀዩ ጥለት የመኳንንቱ ልብስ የጃኖ ምልክት ስለሆነ፣ የጥጡ ጃኖ ለብርዱ ሲበቃ ባይገኝ ክብሩ ወደ ሱፉ ይተላለፍ ነበር የሚል ሐሳብ ነው ያላቸው። ይህን የመሰለ በርኖስ በእውኑ ዓለም አላየሁም፤ መድረክ ላይ ሳየው ግን ከድሮ ጀምሮ የነበረ መሰለኝ። ለእረኞቹና ለጭነት ነጂዎቹ ያስመጡልን ከጓሳ ሣር የተሠራው ገሳም እንዲሁ እውነተኛ ነበር።

ከሁሉ በላይ ያደነቅሁት ልብሱ ለሥርዓቱ መመቸቱ ነው። ዛሬ ብዙ ወጣቶች «አደግድጎ ቆመ» የሚለውን ሐረግ ሲሰሙ ተጎንብሶ መቆም ብቻ ይመስላቸዋል፤ ማደግደግ ግን ከትከሻ ላይ ሸማን አውርዶ ወገብ ላይ ማሰር፣ በታላቅ ሰው ፊት ለአገልግሎት ዝግጁ መሆንን በልብስ መናገር ነው። ሸማን እስከ አፍ ድረስ ተከናንቦ መቀመጥ፣ አንድ ትከሻን መግለጥ፣ ሁለቱንም ትከሻ ማውረድ፣ እያንዳንዱ ለተመልካቹ የሚለው ነገር ነበረው። ሽማግሌው ለአሽከሮቹ የሠሩትን ኩታ በአንድ እጅ እንቅስቃሴ ወገብ ላይ እንዲታሰር አድርገው ርዝመቱን ለክተውታል። የበርኖሱን ማሰሪያ ደግሞ ባለ በርኖሱ ከእርሱ የሚበልጥ ሰው ሲገባ ሳይደናበር ከትከሻው እንዲያወርደው ዝቅ አድርገው ሰፉት። በልምምድ ላይ የተውኔቱ አዛውንት ሲገቡ ሁሉም «ኖር!» ብለው ሲነሡ የአንደኛው ልጅ በርኖስ ከእግሩ ሥር ተጠመጠመ፤ በማግስቱ ለሸማኔው ወስደንላቸው አንድ ስንዝር አሳጠሩት። አዛውንቱን የሚጫወተው ልጅ «በእግዜር» ብሎ እስኪቀመጥ ድረስ ሃያ ተማሪ ያለ ሁካታ ቆሞ ማየቴ ከልቤ አስደስቶኛል።

የአርጎባው ነጋዴ ልብስም ሊመሰገን ይገባል። አልዩ አምባ የመዲናዋ የንግድ በር ሆና ከቀጠለች ነጋዴዎቿ በቤተ መንግሥት ያላቸው ቦታ ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ አርጎባዎች ደግሞ በንግድም በሽመናም የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ሽርጡና ኮፍያው እንዳለ ሆኖ፣ ትከሻው ላይ የጣለው ኩታ በድሩም በማጉም ከመኳንንቱ የማያንስ ተደርጎ ተሠራ።

ስሕተቱ የተገኘው በሴቶቹ ልብስ ላይ ነው። ቀሚሶቹ የተሰፉት መነን ከተባለው ጨርቅ ሲሆን፣ ጥለታቸውም ዛሬ በየሱቁ በሚታየው አብረቅራቂ ክር ነበር። የጨርቁ ስም ራሱ ከእቴጌ መነን ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ታሪኩ በሌላ መንገድ በሄደበት ሸዋ ይህ ስም ባልኖረ ነበር፤ ይህን ግን ተመልካች አያየውምና እንለፈው። የማይታለፈው የባለቤቷ ሐዘን የወደቀባት ሴት ነጠላ ነው። ለለቅሶ ነጠላ ሲለበስ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኖ ፊትና አንገት አጠገብ ይውላል። የእኛዋ ሐዘንተኛ ለግብር የለበሰችውን ያንኑ ነጠላ ገልብጣ ስትለብስ አብረቅራቂው ጥለት በመብራቱ ፊቷ ላይ አበራ፤ የለቅሶው ትዕይንት የሠርግ መሰለ። ለወንዶቹ ያን ያህል የተጨነቀ ቤት ለሴቶቹ ከመደርደሪያ ያለውን አንሥቶ መስጠቱ አሳዝኖኛል፤ ይህንንም ሳልደብቅ ነገርኳቸው። አዛውንቱ አልተከራከሩኝም። ሁለት ነጠላዎች ከእጅ ፈትል፣ ጠባብና ደብዛዛ ጥለት ያላቸው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደ ገና ተሸመኑልን፤ ለቀሚሶቹ ግን ጊዜ አልተገኘም።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብስ ያለፈ ነው። በተውኔቱ ውስጥ አንድ ሸማኔ አለ፤ ተማሪዎቹ መጀመሪያ የጻፉት በቤተ መንግሥት ደጅ የሚናቅ፣ ቡትቶ የለበሰ ሰው አድርገው ነበር። ባለ እጆች በሥራቸው እንዳይሰደቡ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተዋል፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ የሚነቀል አልነበረም፤ የሚሰደቡበትንም ቃል እዚህ አልደግመውም። ሽማግሌው ይህን ክፍል ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ታሪኩን መለወጥ ከተቻለ ይህችንም ለውጧት» አሉን። ተማሪዎቹ ክፍሉን እንደ ገና ጻፉት፤ የሸማኔውን ኩታ አዛውንቱ ከቤታቸው ካስቀመጡት የእጅ ፈትል ሠርተው፣ ዋጋውን ሳይቀበሉ ሰጡን። በዚያ ምሽት ከለበስናቸው አልባሳት ሁሉ ንጹሑና ማለፊያው እርሱ ነበር።

ስለ ቀሪው በአጭሩ ልናገር። ሥራው ከቀጠሮው 6 ቀን ዘግይቷል፤ በርኖሶቹም የበጉ ጠጉር ሽታ ሳይለቃቸው ስለ ደረሱን ለሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ማስጣት ነበረብን። ዋጋው አዲስ አበባ ከተጠየቅነው በእጅጉ ያነሰ ነው። ስፌቱ ጠንካራ ነው፤ ከአራት ዝግጅት በኋላም የተተረተረ ጠርዝ አላገኘሁም።

ወደዚያ ቤት የሚሄድ ሰው የሰውነት ልክ ብቻ ይዞ አይሂድ። ለባሹ ማን እንደሆነ፣ ማንን ሲያይ እንደሚነሣ፣ ማን ሲያየው እንደሚነሣለት አስቦ ይሂድ፤ ለሴቶች የሚያሠራ ከሆነም ከመደርደሪያ የወጣውን ጥለት አልፈልግም ብሎ የእጅ ፈትል ይጠይቅ። በርኖስ የሚፈልግ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ይዘዝ፤ ጠጉሩ ከመንዝ መጥቶ እስኪፈተል ጊዜ ይወስዳልና።