በደሴ ክረምቱን የተከታተልነው የሒሳብ ማጠናከሪያ ትምህርት

ዘንድሮ ክረምት ልጄን ደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚሰጥ የ9ኛ ክፍል የሒሳብ ማጠናከሪያ ትምህርት አስመዝግቤ፣ ደብተሯን በየማታው ስመለከት ቆይቻለሁ። ከሁሉም በላይ ያረካኝ በኳድራቲክ ኢኩዌሽን (ያልታወቀው ቁጥር በራሱ ተባዝቶ በሚገኝበት እኩልታ) ስለሚፈቱ የፍጥነት፣ የርቀትና የጊዜ ጥያቄዎች የተሰጠው ትምህርት ነው፤ ልጄ ፎርሙላውን በቃሏ ብትይዘውም ጥያቄው በዐረፍተ ነገር ሲመጣ መነሻው ይጠፋባት ነበርና።

መምህሩ ከሰጧቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። አንድ አይሱዙ ጭነት ይዞ ከኮምቦልቻ በሐረጎ ዳገት ወደ ደሴ ወጣ፤ አራግፎ ሲመለስ ፍጥነቱ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ጨመረ። መንገዱ 24 ኪሎ ሜትር ቢሆንና ደርሶ መልሱ 2 ሰዓት ቢፈጅ፣ ሲወጣ ፍጥነቱ ስንት ነበር? ተማሪዎቹ ወደ ስሌቱ ከመግባታቸው በፊት የመውጫውንና የመመለሻውን ርቀት፣ ፍጥነትና ጊዜ ለየብቻ በሠንጠረዥ ያሰፍራሉ፤ ጊዜ የሚገኘው ርቀት ለፍጥነት ሲካፈል ስለሆነ፣ የመውጫው ፍጥነት «ፍ» ከተባለ 24/ፍ + 24/(ፍ + 10) = 2 የሚለው ከሠንጠረዡ በቀጥታ ይወጣል። ሁለቱም ወገን በፍ(ፍ + 10) ተባዝቶ ሲቃለል ፍ² − 14ፍ − 120 = 0 ይሆንና መልሱ 20 እና −6 ይመጣል። −6 ለምን እንደሚጣል መምህሩ በጽሑፍ እንዲያስረዱ ያዟቸዋል፤ ይህን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ተማሪ ኔጌቲቩን የሚሰርዘው ሌሎች ሲሰርዙ ስላየ ብቻ ነው። ዳገቱ የወሰደው 1.2 ሰዓት፣ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ እንጂ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ አለመሆኑንም ልጄ የተረዳችው እዚሁ ነው።

ቅሬታዬ በታተመው የመልስ ወረቀት ላይ ነው። የደርሶ መልሱን አማካይ ፍጥነት፣ የ20ና የ30 አማካይ ወስዶ 25 ይላል። መኪናው ግን በዳገቱ 72 ደቂቃ፣ በቁልቁለቱ 48 ደቂቃ ስለቆየ፣ ትክክለኛው መልስ 48 ኪሎ ሜትር ለ2 ሰዓት ተካፍሎ የሚገኘው 24 ነው። ስህተቱን ስነግራቸው መምህሩ በአክብሮት ተቀብለው በማግስቱ በክፍል አስተካከሉት፤ ወረቀቱ ግን ሳይታረም ለቀጣዩ ዙር ተማሪዎች ሲታደል አይቻለሁ፤ ይህ ከፍለው ለሚማሩ ልጆች አይገባም።

የጠዋቱ ፈረቃ ተማሪ ስለሚበዛበት መምህሩ የሁሉንም ደብተር ለማየት አይበቃቸውም፤ ልጁን ማስመዝገብ የሚያስብ ወላጅ የከሰዓቱን ቢመርጥ ይሻላል።