«ጣሳው ልክ አንድ ኪሎ ነው» ሲሏችሁ ተጠንቀቁ

ወገኖቼ፣ በየሰፈሩ መኪና አቁመው «ከገበሬው በቀጥታ ያመጣነው ነው» እያሉ እህልና ቅመም የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ሁሉም አጭበርባሪ አይደሉም። አንዳንዶቹ የሚጠቀሙበት ዘዴ ግን ብዙ ቤት እየጎዳ ስለሆነ እወቁት።

ሻጩ ጣሳውን ምስር ክክ ይሞላና ዓይናችሁ እያየ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። የጣሳው ክብደት ተቀንሶ ልክ አንድ ኪሎ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ ውሸት የለበትም። ከዚያ ሚዛኑ ገለል ይልና ገብሱም፣ አጃውም፣ ሽሮውም፣ የተፈጨው በርበሬም በዚያው ጣሳ እየተሰፈረ በኪሎ ዋጋ ይሸጣል። የምንበላው እዚህ ላይ ነው።

ጣሳ ክብደት አይለካም። 1 ሊትር በሚይዝ ዕቃ ጤፍ ወይም ምስር ክክ ብትሞሉ 800 ግራም ገደማ ይመዝናል። ገብስ ግን ከ600 ግራም ብዙም አያልፍም፤ ሳይጠቀጠቅ የተሞላ ዱቄት ደግሞ ወደ 500 ግራም ይወርዳል። ስለዚህ ኪሎ ምስር የያዘው ጣሳ ገብስ ሲሞላ ሩብ ኪሎ ያህል ይጎድለዋል፤ ሽሮና በርበሬ ሲሆን ጉድለቱ ይብሳል። ጎረቤቴ ለበሶ 10 ጣሳ ገብስ ገዝታ የ10 ኪሎ ከፈለች። ቤት ወስደን ስንመዝነው 8 ኪሎ እንኳ አልሞላም። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ በጣም ነው ያናደደኝ።

አሰፋፈሩም ያሳስታል። ነቅነቅ ተደርጎ፣ አናቱ ተቆልሎ የተሰፈረና ከላይ በእጅ ተጠርጎ የተሰፈረ አንድ አይደለም። ቂጡ ወደ ውስጥ የገባ ጣሳም አለ፤ ገልብጣችሁ እዩት። በመጨረሻ የሚጨመርላችሁ እፍኝ ምርቃት ደስ ቢያሰኝም ሩብ ኪሎ አይተካም።

ማር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ማር ከውሃ ይከብዳል፤ 1 ሊትሩ 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ማር 700 ሚሊ ሊትር በሚሆን ዕቃ ውስጥ ይገባል ማለት ነው። በግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ሞልቶ «ያው ኪሎ በሉት» የሚላችሁ ሰው 300 ግራም እያስቀረባችሁ ነው። ዘይት ደግሞ ይቀላል፤ የ5 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ያለው ዘይት 4.6 ኪሎ ያህል ነው።

ድንችና ሽንኩርት በማዳበሪያ ለምትገዙም አንድ ነገር ልበል። ከረጢቱ ላይ የታተመው 50 ኪሎ መጀመሪያ ለተሞላበት ማዳበሪያ የተጻፈ ነው። ድንቹን የመዘነው የለም። ዘመድ ከገጠር በቁና ሲልክላችሁም ቁና ከአገር አገር እንደሚለያይ አትርሱ። ፈረሱላ ግን የክብደት መለኪያ ስለሆነ ቡና በፈረሱላ የምትገዙ 17 ኪሎ ብላችሁ መመዘን ትችላላችሁ።

ምን እናድርግ? ዋጋው በኪሎ ከተነገራችሁ እያንዳንዱ ዓይነት ለየብቻው ሚዛን ላይ ይውጣ፤ እምቢ ካለ አትግዙ። ሚዛኑንም ከጠረጠራችሁ ያልተከፈተ የግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ አስቀምጡበት፤ ከ500 ግራም ጥቂት ከፍ ማለት አለበት። 600 ካሳየ ያ ሚዛን እናንተን ለመጉዳት የተስተካከለ ነው። በጣሳ መግዛት የግድ ከሆነ ደግሞ የጣሳ ዋጋ ተደራደሩ እንጂ የኪሎ ዋጋ አትክፈሉ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ሱቅ ካለው ነጋዴ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ዕቃውን ሳትነኩ አስመዝናችሁ ወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ አመልክቱ። መኪና ላይ ከሚሸጥ ከገዛችሁ የሰሌዳ ቁጥሩን ከመሄዱ በፊት ያዙ።