ሞዛርት፣ ሃይድንና ቤትሆቨን በሙሉ ኖታ፦ ጎጃም ላይ የትኛውን ኅትመት መያዝ ይሻላል?

የሞዛርትን የጂ ማይነር ሲምፎኒ፣ ቁጥር 40ን፣ በጆሮው ብቻ የሚያውቅ ሰው ሥራውን የሚጀምሩት ቫዮሊኖች ይመስሉታል። ኖታውን ሲገልጥ ግን ቀድመው የገቡት ቫዮላዎች፣ ከቫዮሊን ዝቅ ያለ ድምፅ ያላቸው እህቶቿ፣ ሆነው ያገኛቸዋል። ለሁለት ተከፍለው በለሆሳስ ይርመሰመሳሉ፤ ቫዮሊኖቹ የሚደርሱት የመጀመሪያው ባር፣ ማለትም በቁም መስመር የተከለለው የመጀመሪያ የኖታ ክፍል፣ ሊያልቅ ሲል ነው። ሲደርሱም አንደኛውና ሁለተኛው ቫዮሊን ያንኑ ዜማ በኦክታቭ ተራርቀው ይይዙታል። የሙሉ ኦርኬስትራ ኖታ፣ ማለትም ስኮር፣ የሚያስፈልገው ይህን ለማየት ነው። ለኪቦርድ ተጨምቆ የተጻፈው ቅጂ ማን ምን እንደሚጫወት አይነግርም፤ ለየመሣሪያው ተነጥሎ የሚታተመው ፓርት ደግሞ የአንዱን ድርሻ ብቻ ይዞ ሌላውን ይደብቃል።

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ሞጣ ተቀምጦ ይህን ኖታ ለሚፈልግ ሰው ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው። ትልቁን የዶቨር መጽሐፍ ማስመጣት፣ ትንሹን የኪስ ስኮር ማስመጣት፣ ወይም ፋይሉን አውርዶ እዚሁ ማሳተም። እንደ ደራሲው ይለያያል እንጂ ለሁሉም አንዱ ይበልጣል ማለት አይቻልም።

ከዶቨር እንጀምር። ይህ የኒውዮርክ አሳታሚ የሚታወቀው የድሮ ኅትመቶችን እንዳሉ መልሶ በማተም ነው። የሞዛርት ጥራዙ ከ35ኛው እስከ 41ኛው ያሉትን የመጨረሻ ሲምፎኒዎች የሚሸፍን ሲሆን፣ መሠረቱ የላይፕዚጉ ብራይትኮፕፍ ኡንድ ሄርተል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ያሳተመው ነው። (37ኛው በእውነቱ የሚካኤል ሃይድን ሥራ ነው፤ የሞዛርት የሆነው ዝግ ያለው መግቢያ ብቻ ስለሆነ በአዳዲስ ስብስቦች ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም።) የቤትሆቨን ዘጠኙ ሲምፎኒዎች በሦስት ጥራዝ ተከፍለዋል፦ ከ1 እስከ 4፣ ከ5 እስከ 7፣ ከዚያ 8 እና 9። የሃይድን የለንደን ሲምፎኒዎች፣ ከ93 እስከ 104 ያሉት 12ቱ፣ በሁለት ጥራዝ ናቸው።

የዶቨር ትልቁ ጥቅም ስፋቱ ነው። ገጹ 23 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሁለት ሰው አብሮ ያነበዋል፤ በእርሳስ ለመጻፍም በመስመሮቹ መካከል ቦታ ይተርፋል። ለማስተማር ከዚህ የሚሻል የለም። ያገለገለ የምታስገዙ ከሆነ ግን ጀርባውን አስፈትሹ። በክር የተሰፋው ተዘርግቶ ይተኛል፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘው ደጋግሞ ሲገለጥ መሐሉ ላይ ይሰነጠቅና ቅጠል በቅጠል ይወጣል። ድካሙ ያለው ንባቡ ላይ ነው፤ የድሮ ኅትመት እንደመሆኑ ከዚያ ወዲህ የተገኙ እርማቶች አልገቡበትም።

ነገሩ በምሳሌ ይሻላል። የቤትሆቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ፣ የመጀመሪያው ክፍል፣ 81ኛው ባር። ፍሉትና ኦቦ በያዙት ዜማ ውስጥ አንዲት ኖታ አለች። የቤትሆቨን ምንጮች ላይ ዲ ናት። የድሮዎቹ አሳታሚዎች ኋላ ዜማው ሲደገም ካለው ጋር እንድትመሳሰል ብለው ቢ ፍላት አደረጓት፤ ዓለምም ለረጅም ዘመን እንዲያው ተጫወታት። የኖታ አርታኢው ጆናታን ዴል ማር ለጀርመኑ አሳታሚ ለቤረንራይተር ያዘጋጀውና ከ1996 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ኅትመት ወደ ዲ መለሳት። ቅኔ ቤት ያለፈ የጎጃም ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ጸሐፊ «ተሳስቷል» ብሎ ያቃናት ቃል ምሥጢሩን ይዛ ልትጠፋ እንደምትችል፣ ቤት መምታቷም ለትክክለኛነቷ ማስረጃ እንደማይሆን ከዋሸራ እስከ ዲማ የታወቀ ነው። እንዲያውም ልዩነቱ እዚህ ይብሳል። የድጓ ምልክት፣ ድፋቱም ሒደቱም ርክርኩም፣ መምህሩ በቃል ያስጠናውን ዜማ ያስታውሳል፤ ምልክቱ ቢሳሳት የተማሪው ጆሮ ያርመዋል። የአውሮፓው ኖታ ግን እያንዳንዱን ድምፅ ለብቻው ስለሚያዝ ወረቀቱ ከተሳሳተ ከጎኑ ቆሞ የሚያርም ቃል የለም።

ስለዚህ ለቤትሆቨን ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ ቤረንራይተር ላይ ይውጣ። የጥናት ስኮሩ መጠን 16.5 በ22.5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከተራ ደብተር እምብዛም አይለይም፣ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፣ የባር ቁጥሩም በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ይገኛል። ዘጠኙንም በአንድ ሣጥን መግዛት ይቻላል። የትኛው ኖታ ለምን እንደተለወጠ የሚዘረዝረው የእርማት መግለጫ ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ግን ቀድማችሁ እወቁ።

ቢጫ ልባስ ያለው ኦይለንቡርግ በዓለም ላይ በሰፊው የተሠራጨ የኪስ ስኮር ነው። ቁመቱ 19 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቀደምት የሃይድንና የሞዛርት ሲምፎኒዎች፣ ሁለት ኦቦ፣ ሁለት ሆርንና አውታር ብቻ ያላቸው፣ በዚህ መጠን ያለ ችግር ይነበባሉ። የዘጠነኛው ሲምፎኒ መጨረሻ ግን ዘማሪዎቹ ከነሶሎዎቹ ሲጨመሩበት መስመሩ ይጠብባል፤ ሻርፑና ናቹራሉ የማይለይበት ገጽ ብዙ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ማታ በሻማ ለማንበብ የሚሆን አይደለም። ሃይድንን ሙሉ ለሙሉ የሚፈልግ፣ 104ቱንም፣ የሃይድን ተመራማሪው ሮቢንስ ላንደን ያዘጋጀው፣ ፊልሃርሞኒያ በሚባለው ተከታታይ የወጣው የኪስ ስኮር በ12 ጥራዝ አለለት፤ እሱም ፊደሉ ደቃቅ ነው፣ ንባቡ ግን ይታመናል።

ለሞዛርት ምንም መግዛት አያስፈልግም። አዲሱ የሞዛርት ሙሉ ሥራዎች ኅትመት፣ ቤረንራይተር ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣው፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የዛልስቡርጉ የሞዛርት ተቋም ሞዛርቴውም ለግል ጥናት በነፃ ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። የድሮዎቹን የሃይድንና የቤትሆቨን ኅትመቶችም፣ የባለቤትነት ጊዜያቸው ያለፈውን፣ ኢምስልፕ (IMSLP) በሚባለው ነፃ የኖታ ድረ ገጽ ላይ ማውረድ ይቻላል። የዴል ማር ቤትሆቨን ግን መብቱ የተጠበቀ ነው፤ ፎቶ ኮፒ አይደረግም።

ማውረዱ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ከመሄዳችሁ በፊት ፋይሉን ስልክ ላይ በጣም አቅርባችሁ የኖታ ጭራዎቹን ተመልከቱ። ጭራው የተቆራረጠ፣ የኖታው ራስ ውስጡ ባዶ ይሁን ሙሉ የማይለይ ከሆነ የትኛውም ማተሚያ አያድነውም፤ ሌላ ስካን ፈልጉ። ጀርባው ግራጫ የሆነ ስካን ደግሞ ቶነር ይፈጃል፣ ገጹንም ያጠቁራል። ፋይሉን ወደ ንጹሕ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት፤ እሱ ካልሆነም ሠራተኛው ማሽኑን ከፎቶ ወደ ጽሑፍ እንዲያዞረው ጠይቁ።

ቀጥሎ መጠን። የአዲሱ የሞዛርት ኅትመት ገጽ ከኤ4 ይበልጣል፤ እንዲያው «ፊት» (Fit)፣ ማለትም ገጹን ከወረቀቱ ልክ ጋር አስማማ፣ ተብሎ ሲታተም ወርዱ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ዙሪያውን ያለውን ነጭ ጠርዝ አስቀድማችሁ ከቆረጣችሁት ግን ኖታው ራሱ እምብዛም አያንስም። ጠርዙን ስትቆርጡ በግራ በኩል አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር አስቀሩ። የስፓይራሉ ቀዳዳ የሚያርፈው እዚያው የመሣሪያዎቹ ስም ያለበት ቦታ ላይ ነው፤ ስሙ ከተበሳ ሰባተኛው መስመር ሆርን ይሁን ባሱን በግምት ይሆናል። ከታችም ተጠንቀቁ። ብዙ ማተሚያዎች የገጹን የመጨረሻ ጥቂት ሚሊ ሜትር አያትሙም፣ እዚያ ያለው ደግሞ የቼሎና የደብል ባስ መስመር ነው፤ የሙዚቃው መሠረት ተቆርጦ መቅረቱ የሚታወቀው ቤት ከተደረሰ በኋላ ነው። ሂሳብ ሳትከፍሉ አሥር ገጽ ያህል እየዘለላችሁ የታችኛውን መስመር እዩ።

በሁለት ፊት ስታሳትሙ መገለጫው በረጅሙ ጠርዝ ይሁን። የርዕስ ገጹን ለቁጠባ ብላችሁ አትጣሉት። መጽሐፉ ሲዘጋጅ የትኛው ገጽ ከየትኛው ጋር ፊት ለፊት እንደሚውል ታስቦበታል፤ አንድ ገጽ ከፊት ሲነሣ ሁሉም ይዛነፍና አብረው መታየት ያለባቸው ሁለት ገጾች ጀርባና ሆድ ይሆናሉ። መጣል ካለበት በምትኩ ባዶ ወረቀት ይግባ። ወረቀቱ 80 ግራም ከሆነ የጀርባው ኖታ ያሳያል፤ 100 ግራም ካለ እሱ ይሻላል። በክረምት ወረቀቱ ከጣና የሚነሣውን እርጥበት ጠጥቶ ማሽኑ ውስጥ ይጠቀለላል፣ ሁለት ሁለቱን እየጎተተም ገጽ ያዘልላል። ሠራተኛው አዲስ እሽግ እንዲከፍት ጠይቁ፤ ሲያልቅ ደግሞ ገጹን ቁጠሩ።

ታትሞ እጃችሁ ሲገባ ሦስት ነገሮች ያደናግሯችኋል። የጀርመን ኅትመት ላይ «ቢ» የሚለው ፊደል ቢ ፍላት ማለት ነው፤ ተራውን ቢ «ሃ» ይሉታል፣ ኢ ፍላትን ደግሞ «ኤስ»። ሁለተኛው፣ «ክላሪኒ» ተብሎ የተጻፈው ክላሪኔት ሳይሆን ትራምፔት ነው፤ ስሙ ብዙ ጀማሪ አሳስቷል። ሦስተኛው ሆርን ነው። በዚያ ዘመን ሆርን በጣት የሚጫኑት ቫልቭ ስላልነበረው ከአንድ ቱቦ የሚወጡት ድምፆች ውስን ነበሩ፤ ማይነር ቁልፍ ላይ ደግሞ እጥረቱ ይብሳል። ሞዛርት በ40ኛው ሲምፎኒ የመጀመሪያ ክፍል አንዱን ሆርን በቢ ፍላት አልቶ፣ ሌላውን በጂ ያደረገው በመካከላቸው ብዙ ኖታ እንዲያገኝ ነው። ሁለቱም የሚጻፉት በሲ እንደሆነ አድርገው ነው፤ የመጀመሪያው ከተጻፈው አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ ብሎ ይሰማል፣ ሁለተኛው ከሲ እስከ ታችኛው ጂ ያህል፣ ማለትም አንድ ፎርዝ፣ ዝቅ ብሎ። ይህን ሳያውቅ በኪቦርድ የሚሞክረው ሰው ኖታው የተሳሳተ ይመስለዋል።

ይኸው ሲምፎኒ ሁለት ቅጂ አለው፦ ሞዛርት መጀመሪያ ያለ ክላሪኔት ጻፈው፣ ኋላ ክላሪኔት ጨምሮ የኦቦዎቹን ድርሻ ቀየረ። የምትሰሙት ቅጂና የያዛችሁት ኖታ አንድ ካልሆኑ ዓይናችሁ ኦቦ ላይ ሳለ ጆሯችሁ ክላሪኔት ይሰማል። አዲሱ ኅትመት ሁለቱን ለየብቻ አውጥቷቸዋል፤ የምታወርዱት የትኛውን እንደሆነ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለውን የመሣሪያ ዝርዝር አይታችሁ ወስኑ።

የድሮ ኅትመት ያሳተመ ሰው ከማንበቡ በፊት የባር ቁጥር ይጻፍበት፤ ብዙዎቹ የላቸውም፣ ካላቸውም ፊደል ብቻ ነው። በለስላሳ እርሳስ በየአሥሩ ባር ይበቃል። እስክሪብቶ በቀጭን ወረቀት ላይ ወደ ጀርባው ይሻገራል። ክፍሉ በጎዶሎ ባር ከጀመረ ያች ጎዶሎ አትቆጠርም። የ40ኛው ሲምፎኒ ሚኒዌትና የመጨረሻው ክፍል እንዲህ ናቸው፤ የመጀመሪያው ክፍል ግን ቫዮላዎቹ ከጅምሩ ስላሉ የመጀመሪያው ባር ሙሉ ሆኖ ይቆጠራል። የዚህ ክፍል የመጨረሻ ባር 299 ላይ መውደቅ አለበት፤ የድግግሞሹ ምልክት 100 ላይ። የቤትሆቨን አምስተኛ የመጀመሪያ ክፍል ደግሞ 502 ላይ ያልቃል። ቁጥራችሁ ከዚህ ካነሰ ወይ የቆጠራ ስሕተት አለ፣ ወይ ማሽኑ አንድ ገጽ በልቷል።

የዘጠነኛውን የመጨረሻ ክፍል በኤ4 አታሳትሙት። በኤ3 አንድ ፊት ብቻ ይታተም፣ በላይኛው ጠርዝ ይያዝ፤ ዘማሪዎቹ ከገቡ በኋላ ከኤ4 ላይ የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያጠፋው መስመር ፍለጋ ነው።