ፋንታሲ ካሌንደር በባሕረ ሐሳብ ሲፈተን

ለልቦለድ ወይም ለሮል ፕሌይንግ ጌም የራሱን ዓለም የሚፈጥር ሰው ቀን መቁጠሪያ ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ የወራቱን ስም ቀይሮ ያልፋል። 12 ወር፣ 7 ዕለት፣ በዓመቱ መጨረሻ አንድ የመከር በዓል። በዓሉ ሁልጊዜ በዚያው ቀን ስለሚውል ማንም «ዘንድሮ መቼ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፣ የሚያሰላው ካህን አያስፈልግም፣ ከሌላ በዓል ጋር ተጋጭቶ ሰው አያከራክርም። ቀኑን ትቶ ሕጉን የሚጽፍ ደራሲ ግን እነዚህን ሁሉ ያገኛል። ስለዚህ የምናብ ዓለም ቀን መቁጠሪያ መሥሪያ ሲመዘን ዋናው ጥያቄ በዓልን በሕግ መያዝ ይችላል ወይ የሚለው ነው። እዚህ የሚፈተነው ፋንታሲ ካሌንደር የሚባለው የድረ ገጽ መሣሪያ ነው። ለዚህም ከባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም ከቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ማስሊያ፣ የተሻለ መፈተኛ አይገኝም፤ ሕጉ ውስብስብ ነው፣ መልሱ ደግሞ አስቀድሞ ይታወቃል።

አስቀድሞ ቀለል ስላለው አማራጭ፣ ዶንጆን ስለሚባለው ድረ ገጽ ጥቂት። በዚህ ድረ ገጽ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ማመንጫ ነጻ ነው። የዓመቱ ርዝመት፣ የወራቱ ብዛትና ስም፣ የሳምንቱ ዕለታት፣ የጨረቃዎቹ ብዛትና ዑደት ሲሞላ የዓመቱን ሰንጠረዥ ወዲያው ያወጣል፤ በየቀኑ ላይ ማስታወሻ ይጻፋል፣ ውጤቱም እንደ ጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት ቅርጽ) ጽሑፍ ተቀድቶ ይቀመጣል። ጳጉሜን 6ን ግን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የዓመቱ ርዝመት አንድ ቋሚ ቁጥር ነው፤ 365 ተብሎ ሲሞላ በየ4 ዓመቱ አንድ ዕለት ይዛነፋል። ከ28 ዓመት በኋላ ስሕተቱ 7 ቀን ስለሚሞላ ዕለቱ ልክ መስሎ ይታያል፤ ጨረቃዋ ግን በሩብ ዑደት ያህል ከቦታዋ ወጥታለች። ተጨማሪ ቀን ለሌለው ዓለም ዶንጆን ይበቃል። ሥራው ቢሰፋም አይባክንም፤ ጄሰኑን ፋንታሲ ካሌንደር ውስጥ መለጠፍ ይቻላል።

ፋንታሲ ካሌንደር ሌላ ደረጃ ላይ ያለ መሣሪያ ነው። ገጹ በእንግሊዝኛ ነው፤ የወር፣ የዕለትና የበዓል ስሞች ግን በግዕዝ ፊደል ይጻፉበታል። ግንባታው በ7ቱ ዕለታት ይጀምራል። እዚህ ላይ ኦቨርፍሎው የሚለው ምርጫ መከፈት አለበት፤ ከተዘጋ እያንዳንዱ ወር ከሳምንቱ የመጀመሪያ ዕለት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ የሚሠራው ሁሉ ልክ አይመጣም። የ1 ዓመተ ምሕረት መስከረም 1 ረቡዕ ስለሆነ የመነሻ ዕለቱ ረቡዕ ይደረጋል። ቀጥሎ 12ቱ ወራት በ30 ቀን፣ ጳጉሜን በ5 ቀን ይገባሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጳጉሜን ላይ ነው። መሣሪያው ሁለት ዓይነት ታይምስፓን (የዓመት ክፍል) አለው፤ አንዱ መደበኛ ወር፣ ሌላው ኢንተርካለሪ። ጳጉሜን አጭር ስለሆነች ሁለተኛውን መምረጥ ይመጣል። ኢንተርካለሪ የሆነ ቀን ግን ዕለት የለውም፤ ሳምንቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። በዚህ ምክንያት አዲስ ዓመት በየዓመቱ በ1 ዕለት መግፋት ሲገባው በ3 ዕለት ይገፋል። ጳጉሜን ውስጥም ሰኞና ማክሰኞ ስላለ ወሩ መደበኛ ይሁን። ኢንተርካለሪ የሚጠቅመው ከሳምንት ውጭ የሚቆም ቀን ላለው ዓለም ነው፤ ለምሳሌ ገበያ የማይቆምበት፣ ዳኛ የማይቀመጥበት፣ ዕለት የለሽ ቀን። ይህ ራሱ ጥሩ የበዓል ሐሳብ ነው።

ጳጉሜን 6 በሊፕ ዴይ (ተጨማሪ ቀን) ትገባለች፤ በየ4 ዓመቱ፣ ኦፍሴት 3። ኦፍሴት ማለት እዚህ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ሲካፈል የሚቀረው ቁጥር ነው። ኦፍሴቱ 0 ሆኖ ከቀረ የሚፈጠረው ስሕተት ክፉ ነው። ተጨማሪዋ ቀን በ2015 መጨረሻ መግባቷ ቀርቶ ወደ 2016 መጨረሻ ትሄዳለች፤ የዕለቱ መዛነፍ የሚታየውም በዘመነ ዮሐንስ ብቻ ነው። 2017፣ 2018 እና 2019ን ብቻ ያየ ሰው ሁሉንም ልክ ያገኛቸዋል፤ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። የግድ 2016 ወይም 2020 መታየት አለበት። የ2016 መስከረም 1 ማክሰኞ፣ የ2020 ደግሞ እሑድ ካልሆነ ኦፍሴቱ ተስቷል። የወንጌላውያኑ ዘመን በሳይክል (ተመላላሽ ዑደት) ይሠራል፤ አራት ስሞች፣ እያንዳንዳቸው የ1 ዓመት ርዝመት። 2017 ላይ ማቴዎስ እንዲመጣ ተደርጎ ከተገጣጠመ የቀረው በራሱ ይሄዳል።

የበዓላቱ ክፍል የመሣሪያው ልብ ነው፤ ለዚህ ብቻ ሲባል ከዶንጆን መውጣት ተገቢ ነው። እያንዳንዱ ኢቨንት፣ ማለትም በዓል ወይም ክስተት፣ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ዕለት፣ የጨረቃ መልክ፣ ወቅት፣ ሌላ ኢቨንት፣ ዕድል። እነዚህ በ«እና»፣ በ«ወይም» እና በ«አይደለም» ይያያዛሉ። ገና ጥሩ መለማመጃ ነው። ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ሆና ባለፈች ማግስት በሚመጣው ዓመት ግን ታኅሣሥ 28። ስለዚህ በ«ወይም» የተያያዙ ሁለት ቡድኖች ይሠራሉ። አንደኛው ታኅሣሥ፣ ቀን 28፣ በየ4ኛው ዓመት ኦፍሴት 0፤ ሁለተኛው ታኅሣሥ፣ ቀን 29፣ የመጀመሪያው የዓመት ሁኔታ በ«አይደለም» ተገልብጦ። ሁለተኛው ላይ «አይደለም» ከተረሳ በዘመነ ዮሐንስ ገና ሁለት ቀን ይውላል።

አሁን ፋሲካ። መሣሪያው የባሕረ ሐሳብን ስሌት እንዳለ አይሠራም፤ ማካፈልና ቀሪ መያዝ የሚባል ነገር የለውም። ግን ስሌቱን ወደ ኢቨንቶች መበተን ይቻላል፣ ሲበተንም ውበቱ ይታያል። መጀመሪያ «መጥቅዕ» የሚባል ከእይታ የተደበቀ ኢቨንት ይሠራል፤ መጥቅዕ ጾመ ነነዌ የሚቆጠርበት መነሻ ቀን ነው። መጥቅዕ በ19 ዓመት ዑደት ስለሚመላለስ 19 ቡድኖች ያስፈልጋሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን ዓመትን በየ19ኛው፣ ኦፍሴት፣ ወርና ቀን ይይዛል። ኦፍሴቱ ዓመተ ምሕረቱ ለ19 ሲካፈል የሚቀረው ቁጥር ነው። ለ2017 ቀሪው 3፣ መጥቅዑ መስከረም 29፤ ለ2018 ቀሪው 4፣ መጥቅዑ መስከረም 18፤ ለ2019 ቀሪው 5፣ መጥቅዑ ጥቅምት 7። የቀሩት በተለመደው መንገድ ይወጣሉ፤ ወንበሩ (ዓመተ ዓለሙ ለ19 ተካፍሎ ከቀሪው 1 ሲነሣ የሚገኘው ቁጥር) በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ የሚቀረው መጥቅዕ ነው፣ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። ወንበሩ አልቦ ሲሆን መጥቅዑ 30 ይባላል፤ ቀን 0 ብሎ የሞላ ሰው በዚያ ዓመት ፋሲካን ያጣታል።

ከዚህ በኋላ የዕለት ተውሳክን፣ ማለትም መጥቅዕ እንደዋለበት ዕለት የሚጨመረውን ቁጥር፣ አንድ በአንድ ማስገባት አያስፈልግም። ተውሳኮቹ ከ2 እስከ 8 ናቸው፣ ጾመ ነነዌም ሁልጊዜ ሰኞ ይጀምራል። ስለዚህ ነነዌ ማለት ከመጥቅዕ በኋላ ከ122ኛው እስከ 128ኛው ቀን ባለው ሳምንት ውስጥ የምትገኘው ሰኞ ናት። 7 ቀን ውስጥ አንድ ሰኞ ብቻ ስላለች ስሕተት አይገባም። በመሣሪያው ቋንቋ ዕለቱ ሰኞ ይሁን ይባላል፣ ከእርሱ ጋር ሰባት ሁኔታዎች በ«ወይም» ተያይዘው ይገባሉ፤ መጥቅዕ ልክ ከ122 ቀን በፊት፣ ከ123 ቀን በፊት፣ እስከ 128 ድረስ። ፋሲካ ነነዌ ልክ ከ69 ቀን በፊት የዋለችበት ቀን ነው። ዐቢይ ጾም 14፣ ደብረ ዘይት 41፣ ሆሣዕና 62፣ ስቅለት 67፣ ዕርገት 108፣ ጰራቅሊጦስ 118። ሁሉም ከነነዌ ይቆጠራሉ። ፋሲካን ከመጥቅዕ፣ ዕርገትን ከፋሲካ፣ ጰራቅሊጦስን ከዕርገት እያያያዙ መሄድም ይሠራል፤ ግን ሰንሰለቱ በረዘመ ቁጥር አንዷ ኢቨንት ስትበላሽ የሚከተሏት ሁሉ አብረው ይጠፋሉ።

ኢቨንቱን በመጪዎቹ ዓመታት ላይ የሚሞክር ቁልፍ አለ፤ የሚውልባቸውን ቀኖች ዘርዝሮ ያወጣል። ፋሲካ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ሚያዝያ 4፣ በ2019 ሚያዝያ 24 ከመጣ ግንባታው ትክክል ነው። በየትኛውም ዓመት ከመጋቢት 26 በፊት ወይም ከሚያዝያ 30 በኋላ ከታየ ከ19ኙ ቡድኖች አንዱ ተስቷል ማለት ነው። ፈተናውን መሣሪያው በክብር አልፏል።

ጨረቃዋን አብሮ ማሳየት ለሚፈልግ አንድ ማስተካከያ አለ። መሣሪያው ለጨረቃ የሚሰጠው ዑደት 29.530588853 ቀን ነው፤ ይህ የሰማይዋ ጨረቃ ናት። ባሕረ ሐሳብ 19 ዓመትን በ235 ጨረቃ ስለሚያካክል የእርሱ ዑደት 29.530851 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ በ300 ዓመት አንድ ቀን ያህል ነው። ለአንድ ትውልድ ታሪክ አይታይም፤ ሺህ ዓመት ለሚሸፍን ዓለም ግን ካህናቱ የሚያከብሩት ጨረቃና ሕዝቡ ቀና ብሎ የሚያየው ጨረቃ የተለያዩ ይሆናሉ። ከዚህ የመናፍቃን ጉባኤ፣ የተከፈለ ሀገር፣ ሁለት ጊዜ የሚውል በዓል ማውጣት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ለሌላ ዓለም ሲዛወር ቁጥሮቹን መቀያየር ብቻ ነው። ሁለት ጨረቃ ያላት ዓለም እንውሰድ፤ አንዷ በ30፣ ሌላዋ በ42 ቀን ትሞላለች፣ ዓመቱ 360 ቀን ነው። ሁለቱ በአንድ ሌሊት የሚሞሉት በየ210 ቀኑ ነው፤ በዓሉ በ7 ዓመት ውስጥ 12 ጊዜ ውሎ በ8ኛው ዓመት ወደ ጀመረበት ቀን ይመለሳል። እንዲህ ያለ ዑደት አንባቢ ሳይነገረው ይይዘዋል። ዑደቶቹ 30.17 እና 41.86 ቢሆኑ ግን ግጥሚያው ሥርዓት ያጣል፣ ደራሲው ራሱ መከታተል ያቅተዋል። ሌላው ችግር ረጅም ዑደት ያላት ጨረቃ ሙሉ ሆና ከአንድ ቀን በላይ ልትቆይ መቻሏ ነው፤ በዓሉ በተከታታይ ቀናት ይደገማል። ኢቨንቱ ለጥቂት ቀናት እንዳይደገም የሚያግደው ምርጫ ይህን ይፈታዋል።

መሣሪያው የማይችለው አስቀድሞ የማይታወቅ በዓልን ነው። በሲዳማ የፊቼ ጨምበላላ ቀን የሚወሰነው አያንቶ የሚባሉት አዋቂ ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ሲናገሩ ነው፤ በዓሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው። ዒድም ጨረቃ ታይታ ነው። እንዲህ ላለው ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ የዕድል ሁኔታን መጠቀም ነው፤ ይህ «ዛሬ ወይስ ነገ» የሚለውን ጥርጣሬ ያመጣል እንጂ የሚያየውን ሰው አያመጣም። ሁለተኛው፣ የሚሻለውም፣ በዓሉን በየዓመቱ በእጅ ማስገባት ነው፤ ማን አየ፣ ማን አወጀ፣ ማን አልተቀበለም የሚለው መግለጫው ውስጥ ይጻፋል።

ለጨዋታዎች የተለየ ክፍል የለም፤ ካታጎሪ (ምድብ) ተከፍቶ እንደ ኢቨንት ይገባሉ። እዚህ ላይ ብዙ የምናብ ዓለም ይደክማል፤ ጨዋታው ከመሬቱ ጋር አይገናኝም። ገና የሚጫወቱት እህሉ ታጭዶ ሜዳው በሚገለጥበት ወራት ነው፤ ዱላውና ሩሩ የሚሠሩበት እንጨትም ከዚያው አካባቢ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለውም ለዚያች ቀን ማዕረግ ስለሚነሣ ነው። ጅራፍ ቡሄ ሲቃረብ ይጮኻል፤ አበባዮሆሽ አደይ ሲፈነዳ ይመጣል። የፈጠሩት ጨዋታ ከምን ይሠራል፣ ያ ነገር በየትኛው ወር ይገኛል፣ በዚያ ወር ሥራ የሌለው ማን ነው፣ አሸናፊው ምን ይፈቀድለታል የሚሉት መልስ ካገኙ ቀኑ ራሱ ይወጣል። መሣሪያው ላይ የሚስማማው «ቡሄ በሚቀጥሉት 12 ቀናት ውስጥ ትውላለች» ዓይነት ሁኔታ ነው፤ ጅራፉ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ቡሄ እስክትገባ ይጮኻል። የበዓሉ ቀን ሲቀየር ጨዋታውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ገበጣን ለመሰለ፣ ጥላና ጠጠር ብቻ ለሚፈልግ ጨዋታ ኢቨንት አያስፈልግም።

በስልክ መሥራት አድካሚ ነው። የሁኔታዎቹ ዛፍ በመጎተት ስለሚደረደር በትንሽ መስታወት ላይ ቡድኖቹ ይጠላለፋሉ፤ 19ኙን የመጥቅዕ ቡድኖች በኮምፒውተር ይሥሯቸው። አካውንት ሳይከፈት መሞከር ይቻላል፣ ለማስቀመጥ ግን መመዝገብ ግድ ነው። ፋሲካ ልክ እንደመጣች ኤክስፖርት አድርጎ ጄሰኑን በራስ ኮምፒውተር ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አዲስ ዓለም ሲጀመር ከዚያው ፋይል ተነሥቶ ስሞቹንና ቁጥሮቹን መለወጥ ከባዶ ከመጀመር እጅግ ይፈጥናል።