በደሴ የሚሰጥ የእናቶችና ሕፃናት አመጋገብ ምክር፦ የአገልግሎት ግምገማ

ደሴ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው የአመጋገብ ምክርና የገንፎ ሠርቶ ማሳያ ሊመሰገን የሚገባው፣ የምግብ ዓይነት ከመዘርዘር አልፎ እናቶችን ከመመገብ የሚያግዱ ልማዶችን በግልጽ በማንሳቱ ነው። ባለሙያዋ ከጤፍ፣ ከአጃና ከሽምብራ በተመጠነ ዱቄት ገንፎ አገንፍታ እንቁላል ከጨመረችበት በኋላ ማንኪያውን አዘነበለችው፤ ገንፎው ሳይፈስ ቀረ። ስድስት ወር ለሞላው ልጅ ቀጭን አጥሚት ይበቃዋል የሚለው አስተሳሰብ እዚያው ተፈተነ።

በጾም ወቅት፣ ሃይማኖቱ ሕፃን እንዲጾም ባያዝም እንኳ፣ ዕቃው ይነካካል በሚል ለልጁ እንቁላልና ወተት ሳይዘጋጅለት ይቀራል። ለእሱ ብቻ ትንሽ ድስት እንዲለይ የተሰጠው ምክር ከእምነት ጋር ሳይጋጭ ችግሩን ስለሚፈታ ከሁሉ የላቀ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እርጉዝ ብዙ ከበላች ፅንሱ ገዝፎ ምጥ ይጠናባታል የሚለውንም አማቶች ባሉበት በትሕትና አስተባብላ፣ በእርግዝና ጊዜ በቀን አንድ፣ በማጥባት ጊዜ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ምግብ እንደሚያስፈልግ አስረድታለች።

ትልቁ ጉድለት አባቶች አለመጋበዛቸው ነው። የአስቤዛው ገንዘብ በእጃቸው በሆነበት፣ ማዕዱም አስቀድሞ ለእነሱ በሚቀርብበት ቤት፣ ለሚስት ብቻ የተነገረ ምክር ብዙም አይራመድም። ዕለቱ ሰኞ መሆኑም ገበያ የሚወጡትን እናቶች ስለሚያስቀር ወደ ሌላ ቀን ቢዛወር ይሻላል።