«ማዘርቦርዱ ሞቷል» የተባለውን ኮምፒውተሬን ላስነሳችልኝ ባለሙያ

ኮምፒውተሬን የገደልኩት እኔው ነኝ። ቫይረስ አልገባበትም፣ ውኃ አልፈሰሰበትም፣ መብራትም ሄዶ አልመጣበትም። አንድ ምሽት ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የኮምፒውተሩ መነሻ ቅንብር) ውስጥ ገብቼ ሦስት ነገሮችን ቀየርኩ፤ ኤፍ 10 ተጫንኩ፤ «ለውጡ ይመዝገብ?» ብሎ ሲጠይቀኝ በሙሉ ልብ «አዎ» አልኩት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ማራገቢያው ይዞራል፣ የፊት ለፊት መብራቱ ይበራል፣ ሞኒተሩ ግን ጭልም እንዳለ ቀረ። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ማረም ነው። የራሴን ስህተት ግን ማረም አቃተኝ።

ምን አስነካህ ለምትሉኝ፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (ምስጢራዊ ቁልፎችን የሚጠብቅ የደኅንነት ክፍል) እና ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክል) የሚባሉ ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንድ ቪዲዮ ተመለከትኩና ሁለቱን አበራሁ፤ ሲኤስኤም የሚባለውን፣ ምንነቱን ሳላውቅ፣ አጠፋሁ። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ። የተናገረው ሰው በጣም እርግጠኛ ነበር፤ እኔም ከእሱ በላይ እርግጠኛ ሆንኩ።

በማግስቱ ያሳየሁት የመጀመሪያው ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ ሞቷል፣ አዲስ ይገዛ» አለኝ፤ ሌላው ክፍል ሁሉ የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ ማለቱ ነው። ማን እንደሆነ አልናገርም። ቤቴ ተመልሼ «የባዮስን ቅንብር የምታቆየውን የማዘርቦርዱን ባትሪ አውጥቶ መመለስ ይፈውሰዋል» የሚል ምክር አገኘሁ። ባትሪውን አወጣሁ፣ አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ መለስኩ። ምንም ለውጥ የለም። ሐዘን የተቀመጥኩት ያኔ ነው።

አሁን ወደማመሰግናት ሰው ልምጣ። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ «ባለሙያዋ» እላታለሁ። ገና በስልክ ሳለን «ጋሼ፣ ከመጥፋቱ በፊት መጨረሻ ላይ የነኩት ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። መጀመሪያ ላይ «ምንም አልነካሁም» ልላት ምላሴ ተንቀሳቅሶ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ትዝ አለኝና ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቀጥላ ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ተቆልፎ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ተቆልፎ ከሆነ ቅንብሩ ሲለወጥ ባለ 48 አኀዝ የመክፈቻ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላልና፣ ቁልፉ ሳይያዝ ምንም ነገር መንካት እንደማይገባ አስረዳችኝ። የእኔ አልተቆለፈም ነበር። ግን ከእሷ በፊት ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ቪዲዮውም አላነሳውም።

ስትመጣ የባትሪውን ታሪክ ነገርኳት። «ያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅለውት ነበር?» አለችኝ። አልነቀልኩም! ሳቋን ለመቆጣጠር ስትታገል አየኋት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሩ ቢጠፋም ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪክ ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ክፍል) ለማዘርቦርዱ በ5 ቮልት ትንሽ ኃይል መስጠቱን አያቆምም። እኔ 3 ቮልት የምትሰጠውን ክብ ባትሪ አውጥቼ ቅንብሩ ይረሳል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ከግድግዳው እየተመገበ ሁሉንም ያስታውስ ነበር። ከዚያም የባሰው፣ በተሰካ ኮምፒውተር ውስጥ እጄን መክተቴ ነው።

ገመዱን ነቀለች፤ የማብሪያውን ቁልፍ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ተጭና ይዛ የቀረውን ኃይል አስወጣች፤ ከዚያ ባትሪውን አውጥታ ጥቂት ደቂቃ ጠበቀች። በአንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ይህ አይበቃም፤ ለዚሁ ተብለው የተሠሩትን ሁለት እግሮች በጃምፐር (በትንሽ ማገናኛ) ማገናኘት ያስፈልጋል። የእኔ ግን በዚሁ ተረታ። ሞኒተሩ ላይ ቅንብሩ ወደ መነሻው መመለሱን የሚናገር ጽሑፍ ብቅ ሲል እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ስለነበር ድረ ገጾች «የደኅንነት ስጋት» እያሉ አልከፈት አሉ፤ ሰዓቱን ስታስተካክለው ተከፈቱ።

ብዙው ሰው እዚህ ላይ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እሷ ግን ምክንያቱን ሳታገኝ አልሄደችም። ምስል ወደ ሞኒተሩ የሚያወጣውን ግራፊክስ ካርዴን ከቀድሞው ኮምፒውተሬ ነቅዬ ነው ያዛወርኩት፤ ዕድሜው ገፍቷል። ሲኤስኤም ማለት ለካ ለእንደዚህ ዓይነት አሮጌ ዕቃዎች በአስተርጓሚነት የሚያገለግል ክፍል ነው። አስተርጓሚውን ሳሰናብተው ካርዱና ማዘርቦርዱ መግባባት አቃታቸው፤ ኮምፒውተሩ ሕያው ሆኖ ሳለ ምስል የሚያወጣ ጠፋ። «ሞቷል» የተባለው ማዘርቦርድ ዲዳ እንጂ ሬሳ አልነበረም። ደግሞም ምስሉ ቢመጣ ኖሮ እንኳ ዊንዶውስ አይነሳም ነበር አለችኝ፤ ዲስኬ በአሮጌው የኤምቢአር አሠራር የተከፋፈለ ነበርና፤ ያለ ሲኤስኤም ለመነሳት ግን ጂፒቲ የሚባለው አዲሱ አሠራር ያስፈልገዋል።

ከዚያ በኋላ የሠራችው በትዕግሥት ነው። በመጀመሪያ ፋይሎቼን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥን። ዊንዶውስ ውስጥ ባለው ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ በተባለ መሣሪያ ዲስኩን ፈትሻ ፋይል ሳታጠፋ ለወጠችው። አሮጌውን ካርድ አውጥታ ሞኒተሩን ከማዘርቦርዱ መውጫ ጋር አገናኘችው፤ ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ስላለው ለጽሑፍ ሥራ ይበቃኛል። ወደ ባዮስ ገብታ የነበረውን ቅንብር ገጽ በገጽ በስልኳ ፎቶ አነሳች። ሲኤስኤም ጠፋ፣ ተመዘገበ፣ ተነሳ። ቲፒኤም በራ፣ ተመዘገበ፣ ተነሳ። በመጨረሻ ሴኪዩር ቡት ቀረ። «አሁን እርስዎ ይጫኑት» አለችኝ። ኤፍ 10 ላይ ጣቴ ተንቀጠቀጠ፤ አልዋሽም። የጨለመው ለሁለት ሰከንድ ያህል ቢሆን ነው፤ ለእኔ ግን ረዘመ። ተነሳ።

ያስከፈለችኝ የድካሟን ብቻ ነው። አዲስ ዕቃ ልትሸጥልኝ አልሞከረችም፤ «ማዘርቦርዱን ለማንኛውም እንቀይረው ይሆን?» ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፣ «ምን አድርጎዎት?» ብላ የዘጋችኝ እሷ ናት። ፎቶዎቹን ልካልኛለች፣ የሠራችውንም በቅደም ተከተል በወረቀት ጽፋ ትታልኛለች። ፊደል ስታ የጻፈችው ሁለት ቦታ ላይ አለ፤ አላረምኩትም።

ባለሙያዬ፣ ይህን የምታነቢው ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅሽ ይባረክ። ኮምፒውተሩ ይኸው ይህን ጽሑፍ እየጻፈልኝ ነው።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኳን እንድሰጥ ፈቅዳልኛለች። ከመደወላችሁ በፊት የማዘርቦርዳችሁን ሞዴል አንብባችሁ ያዙ፣ ከነኩት ነገር ቀጥላ እሱን ትጠይቃለችና። እሑድ ግን አታነሳም።